ስቲመሩ ከመግባቱ በፊት ውሃው ይታይ

ስለ ስቲመር፣ ምግብ በእንፋሎት ስለሚያበስለው ማሽን፣ ደውሎ የሚያማክረኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ «ስንት ትሪ ይይዛል?» ይላል። ከዚያ «ነገ ትገጥምልኛለህ?» ይመጣል። «የኔ ውሃ ይሆነዋል ወይ?» ያለኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። «ፍሳሹስ በየት ይወርዳል?» ያለኝም የለም።

ሥራዬ እዚሁ ሀዋሳ የሆቴልና የካፌ ኩሽና ዕቃ መግጠምና መጠገን ነው። ስቲመር ተበላሸ ተብዬ ስጠራ ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የማገኘው ማሽኑ ውስጥ አይደለም። ማሽኑ ከቤቱ ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች ነው፤ ውሃው በሚገባበት፣ ፍሳሹ በሚወጣበት፣ መብራቱ በሚመጣበት፣ እንፋሎቱ በሚያመልጥበት። ስቲመር እንደ ፍሪጅ ሶኬት ላይ ሰክተውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም። ይልቅ ለማኪያቶ ማሽን ይቀርባል። እሱን ያስገጠመ ሰው የውሃንና የፍሳሽን ጣጣ ትንሽ ቀምሶታል።

እንፋሎት ራሱ ለኛ እንግዳ አይደለም። እንጀራ ግማሹ የእንፋሎት ሥራ ነው። ከሥር ምጣዱ ያግላል፣ ከላይ አክምባሎው እንፋሎቱን አፍኖ ያበስላል። አክምባሎው በደንብ ካልገጠመ ፊቱ የደረቀ እንጀራ ይወጣል። ስቲመርንም ውሃ የተሰጠው ትልቅ አክምባሎ ነው ብላችሁ ብታስቡት ብዙም አትሳሳቱም።

ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ እስኪፈላ የተወሰነ ሙቀት ይበላል። ያው የፈላ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ደግሞ ከዚያ 7 እጥፍ ያህል ይበላል። ይህ ሁሉ ሙቀት የትም አልሄደም፤ እንፋሎቱ ይዞታል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ድንች ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ የያዘውንም እዚያው ድንቹ ላይ ያራግፋል። ስቲመር ቶሎ የሚያበስለው በዚህ ነው። የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ቃጠሎ የሚከፋውም በዚሁ ነው።

ገበያ ላይ በብዛት የምታዩት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁምሳጥን መሳይ፣ ግፊት የሌለው ስቲመር ነው፤ ትሪ ትደረድሩበታላችሁ፣ ድንቹን፣ አትክልቱን፣ የሐይቁን ቆሮሶ አሳ ያበስላል። ሁለተኛው ኮምቢ ኦቨን ነው፤ እንፋሎትም ደረቅ ሙቀትም ይሰጣል። ሦስተኛው ግድግዳው ድርብ የሆነ ትልቅ ድስት ነው፤ እንፋሎቱ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ይዞራል እንጂ ምግቡን አይነካም። ብዙ ሕዝብ የሚመግብ ካፍቴሪያ ወጡን የሚሠራው በእንዲህ ዓይነቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ሦስተኛውን መጨረሻ አካባቢ ነካ አደርገዋለሁ።

ውሃው

ባለፈው ክረምት አንድ ሆቴል ተጠራሁ። ዋናዋ አብሳይ በዕድሜ ትልቅ ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። ኩሽና ስገባ ክንዴን ይዘው ወደ ስቲመሩ ወሰዱኝ።

«ይሄ ነገር ይጮሃል ልጄ» አሉኝ።

«እንዴት ነው የሚጮኸው እትዬ?»

«ድስት ውስጥ ጠጠር ያለ ነው የሚመስለው። ደግሞ ድሮ ቶሎ ያደርስ ነበር፣ አሁን አስተኝቶኝ ነው የሚያበስለው።»

የጀርባውን ክዳን ፈትቼ የውሃ ማፍያውን ጋን ከፈትኩት። ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ሬዚስታንሱ፣ አይታይም። በቦታው ጣት የሚያክል ነጭ ዱላ ነበር። በብሎን መፍቻ ጫፍ ስነካው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ። ከታች የወደቀውን ቅርፊት በእጄ አፍሼ አወጣሁ፤ አንድ ሳህን ሙሉ ሆነ። የሚጮኸው እሱ ነበር፤ ውሃው ሲፈላ ቅርፊቱ ይንቀጫቀጫል። ማሽኑ ከተገጠመ ዓመት አልሞላውም።

ነገሩ ቀላል ነው። ውሃ ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው። ውስጡ የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዥየም እዚያው ይቀራል። ሒሳቡን እንሥራው። 12 ኪሎዋት የሆነ ስቲመር ሙሉ ጉልበቱን ሲሠራ በሰዓት 17 ሊትር ያህል ውሃ ያተናል። ውሃችሁ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ጠጣር ማዕድን ቢኖረው፣ በሰዓት ወደ 5 ግራም ገደማ ይቀራል። ኩሽናው በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ አንድ ኪሎ ያህል ይሆናል። በግማሽ አቅሙ ብቻ ሠራ ብንል እንኳ ግማሽ ኪሎ ድንጋይ በየወሩ ማለት ነው። ያ ድንጋይ ሙቀት አያስተላልፍም። ሬዚስታንሱ በራሱ ሙቀት ታፍኖ ይነዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መፍቻ ማንሳት አይደለም። ውሃውን ማስመርመር ነው። የከተማ ቧንቧም ይሁን የግቢ ጉድጓድ፣ ማሽኑ በሚተከልበት ኩሽና ከሚወርደው ቧንቧ ቅዱና አስለኩ። ጎረቤት ሆቴል ያለው ውጤት ለእናንተ አይሠራም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንዱ ጉድጓድ ከሌላው በጣም ይለያያል።

የኛ አካባቢ ውሃ ሌላም ጠባይ አለው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት የበለዘ ጥርስ ያየ ሁሉ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። ፍሎራይዱ ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም፣ ጋኑ ውስጥ ይቀራል። ይህን የማነሳው ለምን መሰላችሁ? አንዳንድ ኩሽና ማታ ከስቲመሩ የሚወርደውን ትኩስ ውሃ ለነገ መረቅ ወይም ለሻይ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። «ትኩስ ነው፣ ለምን ይባክናል» ብለው ነው። ያ ውሃ ቀኑን ሙሉ ሲከማች የዋለ ጨው ነው። ድፉት።

ሌላው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። እሱ የበዛበት ውሃ ሲፈላ አረፋ ያበዛል። አረፋው የውሃ መጠን የሚለካውን ዘንግ ያታልለዋል። ማሽኑ «ሞልቻለሁ» ብሎ ያስባል፣ ሬዚስታንሱ ግን ግማሹ ራቁቱን ነው።

መፍትሔው እንደ ምርመራው ውጤት ይለያያል። ጠጣር ማዕድን ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ በጨው የሚሠራ ሶፍትነር ይበቃል። ሶፍትነር ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ጨው ሲያልቅበት ግን ቧንቧ ብቻ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጨው የሚጨምረው ሰው በስም ካልተመደበ ደግሞ ጨው የሚጨምር የለም ማለት ነው። ሶፍትነር ፍሎራይድን፣ ባይካርቦኔትን፣ ክሎራይድን አያወጣም። እነሱ ከበዙ የሚያስፈልገው ውሃውን በስስ ሽፋን አጣርቶ የሚያሳልፈው ማጣሪያ ነው፤ ባለሙያው አርኦ ይለዋል። አርኦም የራሱ ዓመል አለው። ውሃውን ከመጠን በላይ ካጠራው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ የመለኪያው ዘንግም ውሃ መኖሩን አያውቅም። ማሽኑ እየሞላ፣ እየሞላ ይፈስሳል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ያልተጣራ ውሃ ይቀላቀልበታል። ይህን ስታወሩለት ግራ የሚጋባ ገጣሚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አንድ ወጪ የምትቆጥቡበት ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ስቲመሮች ሁለት የውሃ መግቢያ አላቸው። አንዱ ለማፍያው ጋን ነው፣ አንዱ የሚወጣውን ፍሳሽ ለማቀዝቀዝ ነው። በሶፍትነር ወይም በአርኦ ማለፍ ያለበት የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) አገናኝተው ውድ ውሃ ወደ ፍሳሽ የሚደፉ ኩሽናዎች አሉ።

ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ

ማሽኖቹ በተለምዶ ከ2 እስከ 4 ባር የውሃ ግፊት ይፈልጋሉ። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። እንግዲህ ሮቶው ከማሽኑ 6 ሜትር በላይ ቢሰቀል ያላችሁ 0.6 ባር ነው። አይበቃም። ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ግድ ነው። ፓምፑም ውሃ ሲያልቅ ራሱን የሚያጠፋ ይሁን፤ አለበለዚያ ሌሊት ውሃ ሄዶ ጠዋት የተቃጠለ ፓምፕ ታገኛላችሁ።

ሮቶ ውስጥ ደለል ይተኛል። ክረምት ላይ ይብሳል። ያ ደለል በመብራት የሚከፈትና የሚዘጋው የውሃ ማስገቢያ፣ ሶሌኖይድ ቫልቭ፣ ውስጥ ገብቶ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት 5 ማይክሮን የሆነ የደለል ፊልተር፣ ከፊልተሩ በፊት ደግሞ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ይቀመጥ። ቫልቩ ከማሽኑ ጀርባ አይደበቅ። ችግር በመጣ ሰዓት 200 ኪሎ ዕቃ እየገፋ ቫልቭ የሚፈልግ ሰው የለም።

ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን፣ ቼክ ቫልቭ የሚባለውንም አትርሱት። ውሃ ሲቋረጥ የከተማው መስመር ወደ ኋላ ይስባል። ማሽኑ ውስጥ ያለው ውሃ፣ በዚያን ቀን የማጽጃ አሲድ ተጨምሮበት ከሆነ ከነአሲዱ፣ ወደ መጠጥ ውሃችሁ ሊመለስ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም።

ፍሳሹ

የእትዬ ኩሽና ሁለተኛ ችግር ከማሽኑ ሥር ነበር። ጎንበስ ብዬ በባትሪ ሳየው የፍሳሹ ፒቪሲ ቱቦ እንደ ተቀቀለ ማካሮኒ መሃሉ ጎብጧል። በጎበጠው ቦታ ውሃ ተኝቷል። መገጣጠሚያው ለቆ ሴራሚኩ ሥር ይንጠባጠባል። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ጠፍቷቸው ሦስት ጊዜ ወለል አሳጥበዋል።

ተራ ፒቪሲ እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ነው የሚችለው። ከስቲመር የሚወርደው ውሃ ለመፍላት ትንሽ የቀረው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ማሽኑ የፍሳሽ ማቀዝቀዣ ካለው ሁለተኛው የውሃ መግቢያ በትክክል ይገናኝ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ሙቀት የሚችል ቱቦ ይሁኑ፤ የብረት ወይም ለፈላ ውሃ የተሠራ ፕላስቲክ። ማቀዝቀዣው አለ ብላችሁ በፒቪሲ አትተማመኑ። ውሃ በተቋረጠ ቀን የሚያቀዘቅዘው የለም።

ቱቦው ከማሽኑ መውጫ አይጥበብ። በየሜትሩ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይውረድ። ሽቅብ የሚወጣ ቦታ አይኑረው።

አሁን ብዙ ሰው የሚከራከረኝ ነገር ጋ ደረስን። የስቲመሩ ቱቦ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር በቀጥታ መታሰር የለበትም። በቱቦው አፍና በመቀበያው መሃል ክፍት አየር ይኑር፤ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ የአውራ ጣት ስፋት ያህል። ውሃው ከቱቦው ወጥቶ፣ አየር ላይ ታይቶ፣ አፈ ሰፊ መቀበያ ውስጥ ይውደቅ። «ለምን እንዲህ ክፍቱን? ይረጫል እኮ፣ አያምርም» ይሉኛል። አዎ፣ አያምርም። ግን ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቶ ፍሳሹ ወደ ኋላ ሲመለስ የት እንደሚሄድ አስቡት። ክፍት ቦታው ካለ ወለል ላይ ይፈስሳል፣ ታያላችሁ፣ ትራገማላችሁ፣ ታጸዳላችሁ። ክፍት ቦታው ከሌለ ምግብ የሚበስልበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። በረሮም በዚያው መንገድ ይገባል። ሽታ የሚያግደው ሲፎን ከክፍት ቦታው በኋላ ይሁን እንጂ በማሽኑና በክፍት ቦታው መሃል አይግባ። እዚያ ከገባ ውሃ ይቋጥርና እንፋሎቱ መተንፈሻ ያጣል፤ በሩ ሥር ማፏጨት ይጀምራል።

መብራቱ

6 ትሪ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ስቲመር በብዛት ከ9 እስከ 18 ኪሎዋት ይፈልጋል። 12 ኪሎዋት ማለት ሦስት የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንዴ ከመለኮስ ይበልጣል። በሲንግል ፌዝ፣ በአንድ መስመር፣ ቢሠራ ከ54 አምፔር በላይ ይስባል። በስሪ ፌዝ፣ በሦስት መስመር፣ በ380 ቮልት፣ በየመስመሩ ወደ 18 አምፔር ይወርዳል። ስለዚህ ማሽኑን ከማዘዛችሁ በፊት ቆጣሪያችሁ ስሪ ፌዝ መሆኑን አረጋግጡ። ካልሆነ ማመልከቻው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መግባት ያለበት ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ነው። ማሽን ካርቶን ውስጥ ሆኖ ቆጣሪ ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ የዋስትናው ጊዜ ግን አይጠብቅም።

ለብቻው ብሬከር፣ ለብቻው መስመር። ከፍሪጁ ጋር አይጋራ። ግራውንዱ ደግሞ እውነተኛ ግራውንድ ይሁን። የዱሮ ሰዎች የግራውንዱን ሽቦ የውሃ ቧንቧ ላይ ያስሩት ነበር። ዛሬ ቧንቧው ፒፒአር ነው፣ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ላይ የታሰረ ሽቦ ጌጥ ነው። ውሃ፣ እንፋሎት፣ ብረትና መብራት አንድ ላይ በተቀመጡበት ቦታ በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት መስመሩን የሚቆርጠውን መከላከያ ካላስገባችሁ ሥራው አላለቀም።

ቮልት ሲወርድ ሰው «ትንሽ ነው የቀነሰው» ይላል። የሬዚስታንስ ጉልበት ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ በፍጥነት ነው የሚወድቀው። 220 የነበረው 190 ሲሆን ከጉልበቱ ሩቡ ይጠፋል። ማታ ማታ ስቲመሩ ሰነፈ የሚሉኝ ደንበኞች ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ጥገና ሳይሆን ቮልት መለካት ነው።

ያገለገለ ዕቃ ከአሜሪካ ለምታስመጡ አንድ ቃል። የዚያ አገር የንግድ ኩሽና ዕቃ ብዙ ጊዜ ለ208 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው የተሠራው። የኛ 220 ሲገባበት ሬዚስታንሱ ከታሰበለት 12 በመቶ ያህል በላይ ይግላል። በኛ 50 ኸርዝ ደግሞ ፓምፑና ፋኑ ይዘገያሉ። ርካሽ የመሰለው ዕቃ እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚናገረው።

በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ሲሊንደሩ ከኩሽና ውጭ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጉድጓድ ካገኘ ይገባል። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ እንጂ በክብሪት አትሞክሩ። የጋዝ መርጫው ቀዳዳም ለሲሊንደር ጋዝና ለኛ ከፍታ የተመረጠ ይሁን።

ቦታው

የኩሽና ወለል ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ እንዲያዘነብል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ስቲመር ደግሞ ማዘንበል አይወድም። ጋኑ ካጋደለ በአንድ በኩል ሬዚስታንሱ ከውሃ ይወጣል። ውሃ ልክ ትሪ መደርደሪያው ላይ በሁለቱም አቅጣጫ አስቀምጡ፣ እግሮቹን እያዞራችሁ አስተካክሉ። ጋኑ ውሃ ከሞላ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ክብደቱ ሲጨምር እግሩ ሊሰምጥ ይችላል።

ከመጥበሻው ዘይት አጠገብ አታስቀምጡት። በተለይ መቆጣጠሪያው ባለበት ጎን። ከኋላው አየር የሚያልፍበት ቦታ ተዉለት፤ መጠኑ በየማሽኑ መመሪያ ላይ ተጽፏል። በሩ ሲከፈት ሰው በሚያልፍበት በኩል አይሁን። ከላይ ያለው ትሪ ከወለል ከ1.6 ሜትር በላይ ከሆነ ትኩስ ውሃ ያጠራቀመ ትሪ የሚያወጣ ሰው ፊቱ ላይ ይደፋዋል። ጠረጴዛውን አሳጥሩት። ደግሞ የምትተክሉበትን ክፍል በር ለኩ፤ በ80 ሳንቲ ሜትር በር 90 ሳንቲ ሜትር ማሽን አይገባም። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ በር ያስፈረሱ ሰዎች ግን አሉ።

እንፋሎቱ ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ያለው ቺፑድ ኮርኒስ ከሆነ አንድ ክረምት ይበቃዋል፤ ይጠቁራል፣ ይነፋል፣ ከዚያ ወጥ ላይ ይወርዳል። ከማሽኑ በላይ እንፋሎት የሚሰበስብ የማይዝግ ብረት ሽፋን፣ ሁድ የሚባለው፣ ይኑር፤ ዙሪያውን እንደ ጣሪያ አሸንዳ ያለው፣ የሚጤዘውን ውሃ ሰብስቦ ወደ ጎን የሚያወርድ። ፋን ካስገባችሁ ንጹህ አየር የሚገባበትንም መንገድ አብጁ። አለበለዚያ ፋኑ አየሩን ከየትም ይስባል፤ ከፍሳሽ ጉድጓዱም ጭምር።

ግፊት ላለው ድስት

ስለ ሦስተኛው ዓይነት ቃል ገብቼ ነበር። ግድግዳው ድርብ የሆነው ድስት በግፊት ይሠራል። መለኪያው 1 ባር ሲያሳይ ውስጡ ያለው እንፋሎት እዚህ ሀዋሳ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። ሕይወታችሁን የሚጠብቀው ግፊት ሲበዛ እንፋሎቱን የሚለቀው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። መውጫው ወደ ታች፣ ሰው ወደማይቆምበት ይዙር። ቱቦው አይጥበብ፣ በመሃል ምንም መዝጊያ አይግባበት። አንድ ቦታ «ያንጠባጥባል» ብለው ብሎን አስገብተው የደፈኑት ቫልቭ አይቻለሁ። ወጥ ቀቃዩ በየቀኑ አጠገቡ ይቆማል። ያን ቀን ድስቱን ሳላጠፋ ሰላምታም አልሰጠሁም።

94 ዲግሪ

መመሪያ ደብተሮቹ የሚጻፉት በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሀዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊት የሌለው ስቲመር ከዚያ የሚበልጥ እርጥብ እንፋሎት አይሰጣችሁም፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻ ብታዞሩትም። ምግቡ ይበስላል፣ ለጤናም ይበቃል፣ ጊዜው ግን ይረዝማል። ድንችና ባቄላ ላይ በደንብ ይታወቃችኋል።

ማሽኑም ሊሳሳት ይችላል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት 100 ላይ ከተስተካከለ የማይመጣ ሙቀት ይጠብቃል። «እየሞቅሁ ነው» የሚለው መብራት አይጠፋም፣ ሬዚስታንሱም አያርፍም። ብዙ ኮምቢ ኦቨኖች መጀመሪያ ሲተከሉ ከፍታውን የሚያውቁበት ማስተካከያ አላቸው። ገጣሚው ይህን ሳይሠራ ከሄደ ሥራውን አልጨረሰም። ሌላ ከተማ ተስተካክሎ የመጣ ማሽንም እዚህ እንደገና ይስተካከል።

የርክክብ ቀን

ባዶውን አስነሱት፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ምግብ ሳይገባበት ይሥራ። የፋብሪካ ዘይትና አቧራ ታጥቦ ይወጣል። እሱ ሲሠራ ገጣሚው በክላምፕ ሜትር የየመስመሩን አምፔር ይለካ፤ ሦስቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ፍሳሹ ሲወርድ ቱቦውን በእጅ ሳይሆን በመለኪያ ይፈትሽ። ከዚያ አጥፍቶ፣ ውሃውን አፍስሶ፣ እንደገና ይሙላ።

ቀጥሎ አብሳዮቹ ይጠሩ፤ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን አይበቃም። በሩን ሲከፍቱ ከበሩ ጀርባ ቆመው መጀመሪያ ትንሽ ገርበብ ማድረግን፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ መጠበቅን በእጃቸው ይሞክሩት። በየማታው ጋኑን ማፍሰስንም እንዲሁ። ቅርፊቱን ለማስለቀቅ መመሪያው የሚለውን አሲድ ይጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ ሲትሪክ አሲድ ነው። በረኪና ግን አይጠጋው። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ለብቻውም ቢሆን በረኪና የማይዝገውን ብረት ያዝገዋል።

የእትዬን ማሽን ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አዲስ ሬዚስታንስ፣ ሶፍትነር፣ የብረት ቱቦ፣ ከወለሉ በላይ አውራ ጣት የሚያክል ክፍት ቦታ። ክፍቱን ሲያዩ «ይሄ ምንድነው፣ ሳትጨርሰው ልትሄድ ነው?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ከዚያ አንድ ትሪ ድንች አስገባን። መመሪያው 25 ደቂቃ ይላል። በ25ኛው ደቂቃ በቢላ ወጉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መለሱት። በ32ኛው አወጡት። ማርከር ካንዷ ልጅ ተቀበሉና በሩ ላይ፣ ከመያዣው አጠገብ፣ «ድንች 32» ብለው ጻፉ።

«የአሳውን ደግሞ ነገ እጽፋለሁ» አሉኝ።